ማይ ኣውሊዕን የቆረቆሩት ሁለት ነበሩ

በእኛ ዘመን ልጅ ሆኖ ጆሮው ያልተቆነጠጠ የለም። መምህሩ፣ አጎቱ፣ ጎረቤቱ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሽማግሌ ሳይቀር ይቆነጥጠው ነበር፤ እድሜያችሁ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ አትክዱም። የእኔ ግን ለየት ይላል። እኔ የተቆነጠጥኩት አጥፍቼ አይደለም፤ እንዳልረሳ ነው። ይኸው አልረሳሁም። ምነው በረሳሁት የምልበት ቀን ብዙ ነው፤ ሰሞኑን ግን ሆድ ስለባሰኝ ልናገረው ነው።

ማይ ኣውሊዕ ከአስመራ ወጣ ብላ፣ ከዓዲ ኣበይቶ ወዲያ የነበረች መንደር ናት። መንደር ማለት እንኳ ማጋነን ይሆናል። በበለስ አጥር የተከበቡ ጥቂት ህድሞዎች፣ ግድግዳቸው ድንጋይ፣ ጣሪያቸው አፈር፤ ከታች አንድ ምንጭ፣ ከምንጩ ራስ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ፤ በቃ ይኸው ነው። ስሟም ከዚያ የመጣ ነው፤ በትግርኛ ማይ ውሃ ነው፣ ኣውሊዕ ደግሞ ወይራ። ማለዳ ጉሙ ከባሕሩ በኩል ገደሉን ወጥቶ ሲደርስብን ደጃችን ያለው በለስ እንኳ አይታይም ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ከሩቅ የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጦር ሰፈር አንቴናዎች ብቅ ይላሉ፤ እኛ ልጆች አሜሪካኖቹ በዚያ ሽቦ የሚያዳምጡት የሰማይን ወሬ ነው እንባባል ነበር። በክረምት መንደሯ በሙሉ በለስ በለስ ትሸት ነበር፤ የጣታችን እሾህ እስከ መስቀል አይለቀንም።

አባቴ ተኽለ ከተማ ውስጥ በአንድ ጣሊያን የአዝራር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ዓካት የሚባል ከቆላ የሚመጣ የዘምባባ ፍሬ አለ፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። እሱን እየቆረጡ፣ እየበሱ፣ እያለሰለሱ የኮት አዝራር ያወጡለታል። አባቴ በብሽክለታው ሲመለስ ጸጉሩና ቅንድቡ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀር ነበር፤ ያ የተቃጠለ ፍሬ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። የተበላሹትን አዝራሮች በኪሱ ይዞልን ይመጣል። የዓዲ ኣበይቶ ልጆች ቅልብልቦሽ በጠጠር ሲጫወቱ እኛ በአዝራር ነበርን፤ ኩራታችን ለጉድ ነው! የከተማ ደመወዝ ያለው ሰው ከመንደሩ መውጣት ይችል ነበር። አባቴ ግን አልወጣም። በዕረፍት ጊዜው በሬ ጠምዶ፣ ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ሃንፈጽ ይዘራል። አያቴ ባገኙት ውሃ አጠገብ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ይል ነበር።

የመንደራችንን አመጣጥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው የሚወጡት ኣቦይ ግደ ነበሩ፤ ኣቦይ በእኛ አባባ ማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ከአንድ ትከሻቸው የሚንሸራተት ሽማግሌ። የታናሽ ወንድሜ የክርስትና አባት ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በእድሜ ቢራራቁም አንዱ ያለ አንዱ ስዋ፣ ጠላ ማለት ነው፣ አይቀምስም ነበር። በጥር ማርያም፣ የመንደራችን ንግደት፣ የንግሡ በዓል፣ ሲደርስ፣ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ወንዶቹን ልጆች ሰብስበው ድንበሩን ያዞሯቸዋል። በየድንበሩ ድንጋይ ቆመው የቦታውን ታሪክ ይናገራሉ፤ ተናግረው ሲጨርሱ የእያንዳንዱን ልጅ ቀኝ ጆሮ ይዘው ጥምዝዝ! «ርኣይ፣ ስማዕ፣ ኣይትረስዕ» ይላሉ፤ እይ፣ ስማ፣ እንዳትረሳ። ልጁ አድጎ ስለ ድንበሩ ሲጠየቅ ድንጋዩን ቢረሳ ሕመሙን አይረሳማ። የማይ ኣውሊዕ ርስት መዝገቡ የልጆች ጆሮ ነበር።

ሴት ልጅ አይወስዱም። እኔን ግን ወሰዱኝ። አንድ ዓመት ከኋላ ከኋላ ተከትዬ የሰማሁትን ሳልሳሳት ስደግምላቸው «እዚኣስ ርእሲ ኣለዋ፤ ይቺስ ጭንቅላት አላት» አሉ። ሌሎቹ አባቶች አጉረመረሙ። «ነገ ለሌላ ዓዲ፣ ለሌላ መንደር ትዳርና ድንበራችንን ይዛብን ትሄዳለች» አሏቸው። ኣቦይ ግደ ሳቁና «እሷ ትሂድ፣ ድንበሩ የትም አይሄድም» ብለው ጆሮዬን ያዙኝ። አቤት ሲያም! ግን በዚያች ቀን ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ማይ ኣውሊዕ ውስጥ አልነበረም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የኣቦይ ግደ አያት ባህታ ከወንድሞቹ ጋር በርስት ክፍፍል ተኳረፈ። ድርሻዬን እዚያ ጠፍ መሬት ላይ ስጡኝ ብሎ ሚስቱንና አንድ በሬ ይዞ ጅብና ወይራ ብቻ ወዳለበት ቦታ መጣ። ወንድሞቹም ሂድ፣ ይቅናህ አሉት፤ ቦታው ውሃ እንደሌለው ያውቁ ነበራ! ሚስቱ ከሩቅ ወንዝ በእንስራ እየቀዳች ወገቧ ሊቀነጠስ ደረሰ። ባህታ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ፊቱን ሸፍኖ ወደ ወንድሞቹ ሊመለስ በተነሣበት ሰሞን፣ ከመረብ ማዶ የሆነ ነጋዴ ከምጽዋ ጨው ጭኖ ሲመለስ መንገድ ጠፍቶት እነሱ ዘንድ አደረ። ሓጎስ ይባላል። የአባቴ አያት ማለት እሱ ነው።

በማግስቱ የሓጎስ በቅሎ አልሄድም አለች። ወይራው ሥር ቆማ መሬቱን በኮቴዋ ትጭራለች። ገረፏት፣ ለመኗት፣ ጎተቷት፤ ወይ ፍንክች! ሓጎስ በመጨረሻ «ይቺ በቅሎ እልኸኛ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም» አለና ባህታን መቆፈሪያ አምጣ አለው። ቆፈሩ። መጀመሪያ አፈሩ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ረጠበ፣ ከዚያ ውሃው ፈለቀ። ባህታ ተንበርክኮ አለቀሰ ይባላል። «መሬቱ የእኔ ነው፣ ውሃው ግን ያንተ ነው። እኔ ያለ ውሃ አልኖርም፣ አንተም ውሃውን በስልቻ ቋጥረህ አትሄድም። እዚሁ ቅር፤ ልጆቻችን አይለያዩ» አለው። በቄስ ፊት ተማማሉ። ከምንጩ አፍ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አስቀመጡ፣ አንዱን ባህታ፣ አንዱን ሓጎስ። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡት እነዚያው ድንጋዮች ላይ ነበር።

ኣቦይ ግደ እዚህ ላይ ሲደርሱ በቅሎዋን ይሆናሉ። ጋቢያቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በእግራቸው መሬቱን ጫር ጫር እያደረጉ እንዲያ ሲያናፉ ሆዳችንን ይዘን እንንከባለል ነበር። ከሳቃችን ሳንመለስ ጆሯችንን ይይዙናል። «መስረትቲ ማይ ኣውሊዕ ክልተ እዮም፤ ማይ ኣውሊዕን የቆረቆሩት ሁለት ናቸው። ማንም ሰው አንድ ነው ቢላችሁ ውሸታም በሉት» ይሉን ነበር። ይህን ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ በእናታችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰማያዊው የኤርትራ ባንዲራ ሳይወርድ ነው። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንደርስ የለም። ቆየት ብሎ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈርሷል አሉን፤ ምን እንደነበረ ሳናውቀው ነው የፈረሰው። የትግርኛ መጻሕፍታችንን ሰብስበው የአማርኛ አደሉን። መምህራችን ከጎንደር የመጡ፣ ጫማቸውን በመሃረብ የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። ዐይኑን ዐ እና ሐመሩን ሐ ከጉሮሮዬ ስጎትተው ይስቁብኝ ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። «ይህን ቋንቋ የቻለ ልጅ ድምፁ እስከ ቤተ መንግሥት ይሰማል» ይሉን ነበር፤ እኔ ደግሞ አመንኳቸው። ከብት ስጠብቅም፣ ውሃ ስቀዳም አማርኛ እየለፈለፍኩ እናቴን አሰለቸኋት። ዓመት ሳይሞላ ከማይ ኣውሊዕ ሰው ሁሉ አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ሆንኩ።

አባቴ ባንዲራው ሲለወጥ ደስ ካላቸው ሰዎች ወገን ነበር። ለምን እዋሻለሁ። አያቱ ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ ወንዙ ድንበር መሆኑ ቀረ፣ አንድ ሆንን ብሎ ስዋ እየጠጣ በግልጽ ተናገረው። ሌሎቹ ዝም አሉ። የእኛ ሰው ዝም ሲል ደግሞ እሺ ማለቱ አይደለም። እናቴ ይህ ገብቷት «ደስታህን ቤትህ ውስጥ ተደሰት እባክህ» ብላዋለች። አልሰማትም። አባቴ ሰውን ማመን አብዝቶ የተፈጠረ ሰው ነበር፤ መንግሥትንም፣ ጎረቤትንም።

ብዙም ሳይቆይ ገመድና ችካል የያዙ ሰዎች መጡ። መንግሥት መጋዘን ሊሠራ ነው፣ ከምንጩ በታች ያለው ሜዳ ይፈለጋል ተባለ። ሜዳው ማለት የመንደሩ ምርጥ አፈር ነው። የሚቀረው መሬት ደግሞ ለሁሉም ስለማይበቃ መንደሩን ላቀናው ሰው ዘሮች ብቻ ይደለደላል፤ ከውጭ መጥተው የተጠጉ ካሉ አዝመራቸውን ሰብስበው ይለቃሉ ተባለ። የማን ዘር ማን እንደሆነ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ሹሙ መጥቶ ይወስናል። እንግዲህ አስቡት። እኛ ልጆች በንግደት ቀን የምንስቅበት ተረት የእንጀራ ጉዳይ ሆነና አረፈው። ኣቦይ ግደ ሁለት ናቸው ካሉ ቤታችን ይቀራል። አንድ ነው ካሉ እንነቀላለን።

አባቴ ዓዲ ጓዕዳድ መንደር የነበሩ አንድ ያረጁ ቄስ ሊያመጣ አስቦ ነበር። የነባህታን መሐላ ያስፈጸሙት የእሳቸው አባት ናቸው፣ ታሪኩን ከቤታቸው ነው የሚያውቁት። በቅሎ ተከራይቶ፣ ቀኑን ቆርጦ ሳለ ኣቦይ ግደ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ምሳ በሉ። እናቴ ዶሮ አሳርዳ ነበር። «ኧረ ተው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ቀሺን ምን ታደክማቸዋለህ? እኔ የምናገረው አይበቃም?» አሉት። አባቴ አፈረ። ልክ ነዎት ኣቦይ ግደ፣ እርስዎ እያሉ ሌላ ምስክር መፈለጌ ነውር ነው አለና በቅሎዋን መለሰ። እሳቸው ሲወጡ እናቴ እጇን እያደራረቀች «ውሃ ሳስታጥባቸው ፊቴን አላዩኝም፤ የክርስትና ልጃቸውንም አላቀፉትም» አለች። አባቴ ተቆጣት። ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ድምፁ ጎረቤት ተሰማ።

ሹሙ የመጣው በመስከረም ነው፣ ሜዳው አደይ ለብሶ። በጂፕ መጣ፤ አንድ ጸሐፊና አንድ አስተርጓሚ አብረውት አሉ። ጠረጴዛ ምንጩ አጠገብ ወጣለት። ወንዶቹ በክብ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው ራቅ ብለው ቆሙ፣ እኛ ልጆች የድንጋይ ካቡ ላይ ተሰቀልን። አባቴ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ፣ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ነበር። ኣቦይ ግደ ተነሡ። ከአሁን አሁን በቅሎዋን ሊሆኑልን ነው ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ እዚያ ሹም ፊት ስቄ እንዳላሳፍራቸው።

«ባህታ ብቻውን መጣ» አሉ።

የተሳሳቱ መሰለኝ። ቀጠሉ። ባህታ ከነበቅሎው መጣ፣ በቅሎው ውሃ አገኘች፣ ባህታ ቆፈረ፣ ባህታ መንደሩን አቀና። ሓጎስ የሚባለው በኋላ እህል ለመሸከም የተቀጠረ እንግዳ ነው፤ አሳዝኖን አስጠጋነው አሉ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው! እኔ ልጅ ስለነበርኩ ከሁሉ በፊት ያንገበገበኝ በቅሎዋን መውሰዳቸው ነው። ቅድመ አያታችንንስ ይሁን፣ በቅሎዋን እንኳ አይተዉልንም? ቀና ብዬ የመንደሩን ሰዎች አየሁ። ሁሉም የእግሩን ጣት ያያል። ከእነሱ መሐል ጆሮው ያልተቆነጠጠ አንድም ሰው አልነበረም እኮ! ሜዳው ተወስዷል፣ የሚካፈለው ሰው ባነሰ ቁጥር ለየልጆቻቸው ይተርፋል፤ ነገሩ ተመክሮበት አልቆ ኖሯል። ያልተነገረው ለአባቴ ብቻ ነው።

አባቴ አልጮኸም። ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። «ኣቦይ ግደ፣ ይህንኑ መስቀል ይዘው ይማሉልኝ። ከማሉ አዝመራም አልሰበስብ፣ ነገውኑ ልቀቅ ይበሉኝ» አለ። ኣቦይ ግደ በውሸት እንደማይምሉ ሁሉም ያውቃል፤ እኚህ ሰው በመስቀል ቀልደው አያውቁም። አስተርጓሚው ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ሰዓቱን አየና ወደ ጸሐፊው ዘንበል ብሎ በአማርኛ «መሐላ ከጀመርን ሁሉም ሊምል ነው፤ ምሳችንን ሳንበላ መዋላችን ነው። የሽማግሌውን ቃል ጻፈውና እንሂድ» አለው። አስተርጓሚው ወደ እኛ ዞረ። «መንግሥት የሽበትን ቃል ያምናል፤ መሐላ አያስፈልግም ብለዋል» አለ። ሁለቱንም የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከካቡ ዘልዬ ወረድኩ። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ጠረጴዛው ፊት ቆሜ፣ መምህሬ እንዳስተማሩኝ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ በአማርኛ «ጌታዬ፣ ያሉት ውሸት ነው። መንደሩን ያቀኑት ሁለት ሰዎች ናቸው። በቅሎዋም የሓጎስ ናት። ይህን እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል» አልኩት። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ በራ። ሰማኝ፣ ገባው ብዬ ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

«አማርኛዋ እንዴት ያምራል!» አለ። ወደ ጸሐፊው ዞሮ «ሰማሃት? ከዚህ ገጠር! የነገዪቱ ኢትዮጵያ ማለት ይቺ ናት» አለው። የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቀኝ፣ ስሜን ጠየቀኝ። አብረኸት አልኩት። ራሴን ዳበሰኝና ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ስለተናገርኩት ነገር ግን አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ሰዎቹ ምን አለች ብለው ሲያጉተመትሙ አስተርጓሚው «ሰላምታ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አላቸው።

ዞርኩና በትግርኛ ጮኽኩ። ኣቦይ ግደ፣ ክልተ እዮም አላሉኝም? አልኳቸው። ለአንድ አፍታ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመለሱና «ቆልዓ እያ፤ ልጅ ናት፣ ጨዋታ ነው የነገርኳት» ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸው ሲንሸራተት እንኳ አልመለሱትም። አባቴ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ከረሜላዋን ምን አደረግሻት ብትሉኝ፣ በላኋት። ከነንዴቴ፣ ከነእንባዬ በላኋት። ጣፋጭ ነበረች፤ ይህም ያናድደኛል።

አዝመራውን ሰብስበን ለቀቅን። አባቴ የህድሟችንን በር ነቅሎ ጋሪ ላይ ጫነው፤ በሩን የሠራው አያቱ ነው። ያኔ ቀና ብለው ያላዩን ሴቶች እቃችንን አብረው ጫኑ፤ የእናቴን አንገት አቅፈው ተንሰቀሰቁ። የአዞ እንባ አልነበረም፣ እውነተኛ ነበር። አንጀቴን ያሳረረውም እሱ ነው፤ እያለቀሱ ያስወጡናል እኮ! አስመራ፣ አባ ሻውል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን፣ በሩ ከክፍሏ ጋር አልገጥም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ስለ መረብም፣ ስለ አንድነትም፣ ስለ ማይ ኣውሊዕም አፉን ከፍቶ አያውቅም። አዝራር እየበሳ ኖሮ ሞተ።

ኣቦይ ግደ አንድ ጊዜ መጥተዋል። ፋሲካ ነበር፤ በግ ይዘው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ልትመልሳቸው ስትል አባቴ ይግቡ አላት። ተቀመጡ፣ ስዋ ተቀዳላቸው። ዋንጫውን ሳይነኩ «ተኽለ ወደይ፣ ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ብዙ ናቸው፣ መሬቷ ደግሞ…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። አባቴ «ይጠጡ ኣቦይ ግደ» አላቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። እጃቸው ወደ ጆሮዬ ተነሣ፤ የልማድ ነገር ሆኖባቸው ነው። መሐል ላይ አቆሙትና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። እውነቱ በሙሉ ዓይናቸው ውስጥ ነበረ። በሕይወት ሳሉ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

የተረፈላቸው መሬትም አልበረከተላቸውም። መጋዘኑ ሰፋ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ወታደር ሰፈረ፣ እነሱም በተራቸው ተነሡ። ምንጯ የት እንደነበረች ሄጄ ብፈልግ አጣኋት፤ ወይራው የለ፣ ድንጋዮቹ የሉ፣ ከላይ ቤት ተሠርቶበታል። የዓዲ ጓዕዳዱ ቄስም ሞቱ። ከእኔ ጋር ድንበር የዞሩት ልጆች አንዱ በበሽታ፣ ሌላው በጦርነት፣ ሌላው በስደት አለቁ።

ባለፈው ወር ዮናስ የሚባል የኣቦይ ግደ የልጅ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ነው። ስኳርና ባኒ ዳቦ ይዞ። «ኣደይ አብረኸት፣ እናቴ፣ የማይ ኣውሊዕን ታሪክ ለልጆቻችን ልናቆይላቸው ነው፣ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልቀረም አሉኝ» አለኝና ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሻሂ አፍልቼ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። ስለ ምስክርነቱ ቀን ትንፍሽ አላልኩም፤ የአያቱን ስም ፊቱ ላይ ላጎድፍ አልፈለግኩም። የአመጣጡን ታሪክ ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ባህታና ሓጎስ አልኩት።

ሓጎስ ስል እጁን ዘርግቶ ቅጂውን አቆመው። «ይቕሬታ ኣደይ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «እኛ የሰማነው እንዲህ አይደለም። ባህታ ብቻውን ነው የመጣው፤ ሓጎስ ተቀጣሪ ነበር። ኣቦሓጎና፣ አያታችን ራሳቸው ናቸው የነገሩን፣ በየዓመቱ።» ከዚያ ደግሞ እኔን እንዳያስቀይም ብሎ «ጊዜው ብዙ ስለሆነ ይረሳል» አለኝ፣ በጣም በርኅራኄ።

ልቆጣው አሰብኩ፤ አልቻልኩም። እሱ መች ዋሸ? የሰማውን ነው የተናገረው። የማይ ኣውሊዕ ሰዎች ያኔ ሲክዱን ቢያንስ የካዱትን ነገር ያውቁት ነበር፤ ቀና ብለው ሊያዩን ያልቻሉት ለዚያ ነው። ይህ ልጅ ግን ዓይኔን እያየ፣ ፈገግ እያለ ነው። ሻሂውን ሳይጨርስ እንዳይነሣ አደረግኩት፣ ባኒ ጨመርኩለት፣ እስከ ፌርማታው ሸኘሁት። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ፣ ብሎኝ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

ቤቴ ተመልሼ ብርጭቆዎቹን ሳጥብ እንባዬ መጣ፣ ናፍቆት ነው። ማን ናፈቀሽ ብትሉኝ አባቴ የምል ይመስላችኋል፤ አባቴ ሁልጊዜም ይናፍቀኛል። ያን ቀን የናፈቁኝ ኣቦይ ግደ ናቸው። እኒያ ቤታችንን ያፈረሱ፣ አባቴን ቅስሙን ሰብረው የገደሉ ሰውዬ! አብጃለሁ እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ግን ምን ላድርግ፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ እውነቱን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ነበረ።